ፈጣን የኦንላይን ፖከር ውድድር፦ ጀማሪ ቶሎ የሚወጣባቸው ምክንያቶችና መፍትሄያቸው

እኛ ሰፈር፣ ሐዋሳ አቶቴ፣ ካርታ ማለት ኮንከር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይፈላል፣ ካርታው ይበወዛል፣ የተሸነፈ ለስላሳ ይጋብዛል። አሁን ልጆቹ ስልክ ላይ ፖከር ጀምረዋል። ያውም ፈጣኑን፣ ዘጠኝ ወንበር እንደሞላ የሚጀምረውን፣ ሲት ኤንድ ጎ የሚባለውን። እኔ ትንሽ ቀደም ብዬ ስለጀመርኩ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው?» እያሉ የሚመጡት እኔ ጋ ነው። ሁሉም የሚያማርረው ካርታውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የካርታው ሳይሆን የሰዓቱ ነው። ሰዓት እየቆጠረ መሆኑን ይረሱታል።

ለመግባባት ያህል፦ ጨዋታው ቴክሳስ ሆልደም ነው። ለእናንተ ሁለት ካርታ፣ መሃል ላይ ለሁሉም የሚሆን አምስት። ብላይንድ የሚባለው ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ የሚያስቀምጡት የግዴታ መደብ ነው፤ ትንሽና ትልቅ አለው። ተራው እየዞረ ሁሉም ይከፍላል። ተርቦ በሚባለው ውድድር ይህ መደብ አብዛኛውን ጊዜ በየ5 ደቂቃው ያድጋል። ሃይፐር በሚባለው በየ2 ወይም በየ3 ደቂቃው ነው። የትኛው እጅ የትኛውን እንደሚበልጥ ገና ካላወቃችሁ መጀመሪያ እሱን አጥኑ። አንድ ምሽት ይበቃል።

«አስር ደቂቃ ሳይሞላ ወጣሁ»

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። መንስኤው በእያንዳንዱ እጅ መግባት ነው። ኮንከር ላይ የደረሳችሁን ካርታ ይዛችሁ መጫወት ግድ ነው። ፖከር ላይ መጣል ይቻላል፤ እንዲያውም ከጨዋታው ግማሽ በላዩ መጣል ነው።

በ1,500 ቺፕ (መደብ የምታስይዙበት የጨዋታው ገንዘብ) ጀምራችሁ ብላይንዱ 10 እና 20 ከሆነ 75 ትልቅ ብላይንድ ይዛችኋል። ማንም አያሯሩጣችሁም። ሁለት ኤስ የሚደርሳችሁ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ስለሆነ እሱን ብቻ ጠብቁ አልልም። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ግን ትልልቅ ጥንዶች፣ ኤስ ከኪንግ ጋር፣ ኤስ ከኩዊን ጋር ይበቃሉ። እንደ 5 እና 5 ያለ ትንሽ ጥንድ በርካሽ ከሆነ እዩበት። ሦስተኛው 5 በመጀመሪያዎቹ ሦስት የመሃል ካርታዎች ላይ የሚመጣው ከስምንት አንዴ ገደማ ነው። ካልመጣ ጣሉት፤ አታልቅሱለት።

አንዱ የጎረቤት ልጅ ባለፈው ኤስና 4 ይዞ ገባ። መሃል ላይ ኤስ ወጣ። ዘሎ ያለውን ቺፕ ሁሉ ወደ መሃል ገፋ። ባላጋራው ኤስና ኪንግ አሳየው። «ኤስ ይዤ እንዴት እበላለሁ!» ይላል። ሁለቱም ኤስ አላቸው እኮ። የለየቻቸው አጃቢዋ ካርታ ናት። ከኪንግ ፊት 4 ምን ታደርጋለች? ጀማሪን ከሁሉም በላይ የምታስወጣው ይህቺው «ኤስ እና የሆነች ነገር» ናት።

አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዳችሁ አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ ወፎች፣ አይታችኋል? ሰዎቹ ዓሣውን ሲበልቱ ትከሻቸውን ሰብስበው እንደ ሽማግሌ ይቆማሉ። ለእያንዳንዷ ቅርፊት አይሯሯጡም። አንጀቱ ሲወረወር ግን የሚቀድማቸው የለም። የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች እንደሱ ቁሙ።

«ሁሌ አንድ ካርታ ይጎድለኛል»

አራት አንድ ዓይነት ምልክት ይዛችሁ አምስተኛውን ማሳደድ ነው። ሦስቱ የመሃል ካርታዎች ሲገለጡ፣ ካልታዩት 47 ካርታዎች የሚጠቅሟችሁ 9 ናቸው። በቀጣዩ ካርታ የመምጣት ዕድሉ 19 በመቶ ገደማ ነው፣ ከአምስት አንዴ እንኳ አይሞላም። መሃል ላይ 300 ኖሮ ባላጋራችሁ ሌላ 300 ቢጨምር፣ 300 ከፍላችሁ 600 ልትወስዱ ነው። ከሦስት አንዴ ካላሸነፋችሁ ኪሳራ ነው። ከአምስት አንዴ እና ከሦስት አንዴ፤ ሒሳቡ ይሄው ነው። ዋጋው ትንሽ ከሆነ ከፍላችሁ ተከተሉ፣ ትልቅ ከሆነ ጣሉ።

«ተጠንቅቄ እየተጫወትኩ ቀለጥኩ»

ይሄኛው የጨዋ ሰው በሽታ ነው። የመጀመሪያውን ምክር ሰምቶ መጣል የተማረ ሰው መጣል ማቆም ያቅተዋል። ሲጥል ሲጥል 1,500 የነበረው 1,200 ይሆናል። «ብዙም አልጎደለብኝም» ይላል። ብላይንዱ ግን 100 እና 200 ገብቷል። በቺፕ ሲቆጠር 1,200 ነው፤ በትልቅ ብላይንድ ሲቆጠር 6 ብቻ። ጠረጴዛው አንዴ ሲዞር 300 ይሄዳል። አራት ዙር ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ባዶ ናችሁ።

ያውም ብላይንዱ ባለበት ከቆመ። አይቆምም። ዘጠኝ ሰው ባለበት ጠረጴዛ በ5 ደቂቃ የሚታደለው ስድስት ሰባት እጅ ገደማ ነው። ተራው አንዴ ዞሮ ሳይመለስላችሁ መደቡ ያድጋል። ወር ሳይሞላ ኪራይ የሚጨምር አከራይ አስቡ። እዚያ ቤት ቁጭ ብሎ መቆጠብ የሚባል ነገር የለም።

መፍትሄው ቺፕ መቁጠር ትቶ ትልቅ ብላይንድ መቁጠር ነው። ያላችሁን ለትልቁ ብላይንድ አካፍሉ። ደረጃው በጨመረ ቁጥር እንደገና አካፍሉ። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ወረቀት ላይ እጽፍ ነበር፤ አሁን ዓይኔ ራሱ ያካፍላል። ከ10 በታች ስትሆኑ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፦ መጣል ወይም ያለውን ሁሉ መግፋት፣ ኦል ኢን። ትንሽ አስገብቶ «እስኪ ልየው» ማለት ቀርቷል። ስድስት ብላይንድ ይዞ ሁለቱን ከፍሎ መጣል ማለት ከኪሳችሁ ሲሶውን አውጥቶ መንገድ ላይ መጣል ነው።

ለምን መግፋት? የሚገፋ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ወይ ሁሉም ይጥሉለታል፣ ወይ ተከትለውት ካርታው ያሸንፋል። የሚከተል ሰው ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ምሳሌ ልስጥ። 1,800 ቺፕ አላችሁ፣ ብላይንዱ 100 እና 200 ነው። ሁሉም ጥለው ተራው እናንተ ጋ ደረሰ፤ ከኋላችሁ የቀሩት ሁለቱ ብላይንዶች ብቻ ናቸው። እጃችሁ ላይ ኤስና 8 አለ። ግፉ። ሁለቱም ከጣሉ አንድም የመሃል ካርታ ሳይገለጥ 300 ወሰዳችሁ፤ 1,800ው 2,100 ሆነ። በአንድ ስድስተኛ አደገ ማለት ነው። አንዱ ሁለት 9 ይዞ ቢከተላችሁ እንኳ ከአስር ሦስት ጊዜ ያህል ታሸንፋላችሁ። ከእናንተ በፊት ያለ ሰው ቀድሞ ከገፋ ግን ያቺው ኤስና 8 ሌላ ካርታ ናት። አብዛኛውን ጊዜ መጣል አለባት።

ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ብላፍ ነው በለን» ይሉኛል፤ ደካማ ካርታ ይዞ ማስፈራራት ማለታቸው ነው። ግማሹ ብላፍ ነው፣ ግማሹ አይደለም። ቁም ነገሩ ሰው ሳይጨርሳችሁ፣ ሌላውን የሚያስፈራ ቺፕ እያላችሁ መግፋታችሁ ነው። ሁለት ብላይንድ ሲቀራችሁ ብትገፉ ማን ይፈራል? ሁሉም ይከተላል። አባ ኮዳም ቢሆን ገበያው እስኪበተን ቆሞ አይቀርም።

«ሁልጊዜ አራተኛ እወጣለሁ»

በዘጠኝ ሰው ውድድር የተለመደው ሽልማት ለአንደኛ 50፣ ለሁለተኛ 30፣ ለሦስተኛ 20 በመቶ ነው። አራተኛ ምንም የለውም። አራት ሰው የቀረበት ሰዓት ስለዚህ ልዩ ነው። ጀማሪ ግን እንደ መጀመሪያው ደቂቃ ይጫወታል።

ሒሳቡን አንዴ ካያችሁት አትረሱትም። ሽልማቱ በድምሩ 100 ይሁን። አራታችሁም እኩል ቺፕ ካላችሁ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 25 ዋጋ አለው። አንዱ ገፋ፣ ተከተላችሁ፣ አሸነፋችሁ። አሁን የጠረጴዛው ግማሽ ቺፕ የእናንተ ነው። ዋጋችሁ 50 ሆነ? አልሆነም። ቺፑን ሁሉ ብትጠቀልሉት እንኳ የሚሰጣችሁ 50 ነው። ሲሰላ ዋጋችሁ 38 ገደማ ነው። ከተሸነፋችሁ ደግሞ ዜሮ። ስለዚህ 25 አስይዛችሁ 38 ፍለጋ ነው የገባችሁት። ይህ እንዲያዋጣ ከ100 ጊዜ 65 ያህሉን ማሸነፍ አለባችሁ። ኤስና ኪንግ ከሁለት ኩዊን ጋር ሲገጥም ግማሹን እንኳ አያሸንፍም። አያችሁ ነገሩን? የምትወዱትን እጅ መጣል ያለባችሁ ሰዓት አለ።

ይህ መከተልን ነው የሚመለከተው። መግፋት እዚህ ላይ ይበልጥ ያዋጣል፤ ምክንያቱም ሌሎቹም ያንኑ ፍርሃት ይዘዋል። በተለይ ብዙ ቺፕ ያለው ሰው እናንተ ከሆናችሁ። ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት ጥግ ያለውን ሰው እዩ። አንድ ብላይንድ ተኩል ይዞ የሚያጣጥር ካለ እሱ እስኪወጣ በመሃል ጠብ አትፍጠሩ።

«ኔትወርክ ጠፋብኝ፣ ስመለስ የለሁም»

ሰዓታችሁ ካለቀ ጨዋታው አይጠብቃችሁም፤ ካርታችሁ ይጣላል፣ ብላይንዱ ይቆረጣል። ኦል ኢን ከሆናችሁ ግን ምንም አይጎድልባችሁም፣ ካርታው እናንተ ባትኖሩም ይገለጣል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳልና ዳታችሁ የተዘጋጀ ይሁን፣ ስልኩም ቻርጅ ይኑረው። ባጃጅ ውስጥ ሃይፐር አትጫወቱ። ከፒያሳ እስከ ሞኖፖል ሳትደርሱ ሁለት ደረጃ ያልፋል።

«ተመዝግቤ ስገባ ቺፔ ግማሽ ሆኖ ጠበቀኝ»

ይሄ የእኛ አገር ሰው ችግር ነው። ሲት ኤንድ ጎ ሳይሆን ሰዓት የተቆረጠለት ውድድር ላይ ይደርሳል። አፑ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 9፡00 ምሽት ካለ የእኛ ማታ 3 ሰዓት ነው። አንዱ ልጅ ለሌሊቱ 9 ሰዓት አላርም ሞልቶ ተኛ። የተመዘገበ ሰው ባይመጣም ወንበሩ ላይ ቺፑ ተቀምጦ ብላይንድ እየተቆረጠለት ይቆያል። አፑ የግሪንዊች ሰዓት ከተጠቀመ ደግሞ መጀመሪያ ሦስት ደምሩ፣ ከዚያ ስድስት ቀንሱ። 18፡00 መጀመሪያ 21፡00፣ ማለትም ምሽት 9፡00 ይሆናል፣ ከዚያ ከ9 ስድስት ሲቀነስ ማታ 3 ሰዓት።

«ቺፕ አለቀብኝ፣ ልግዛ?»

አትግዙ። ይህን የምለው ስለተበላሁ ነው። ቴሌግራም ላይ አንዱ «አንድ ሚሊዮን ቺፕ በዚህ ብር» ብሎ ለጥፎ ነበር። ላኩለት። «ደርሶኛል ወንድሜ፣ አምስት ደቂቃ» አለኝ። ከዚያ ብሎክ። የጨዋታ ቺፕ ወደ ብር አይመለስም፣ በብዙዎቹ አፖች ደንብም መሸጥ መግዛቱ አካውንት ያዘጋል። አብዛኞቹ አፖች ነጻ ቺፕ በየጊዜው ይሰጣሉ። ጠብቁ።

«ለምን በእውነተኛ ገንዘብ አንገባም?» የሚልም አይጠፋም። ስለ ክሪስ መኒሜከር ሰምቷል። በ2003 እ.ኤ.አ. ኦንላይን በትንሽ ገንዘብ ማጣሪያ አልፎ፣ የዓለም ፖከር ሻምፒዮናውን አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። እውነት ነው። እዚያው ውድድር ላይ 839 ሰው ነበር፤ ከቀሩት 838 የአብዛኞቹን ስም የሚጠራ የለም። ሒሳቡንም እዩ። መግቢያው 11 ዶላር ከሆነ 10ሩ ለሽልማት፣ 1ዱ ለአዘጋጁ ይሄዳል። ዘጠኝ ሰው 99 ያዋጣል፣ 90 ይከፋፈላል። ሁላችሁም እኩል ብትችሉ እንኳ ሁላችሁም ትከስራላችሁ። ጀማሪ ደግሞ እኩል አይችልም። 18 ያልሞላው ልጅ ጋ ስለ ገንዘቡ ጨዋታ አላወራም።

«ተናድጄ ሌላ ገባሁ፣ ከዚያ ሌላ»

እኔም አልዳንኩም። ሁለት ኤስ ይዤ በሁለት 7 ተሸነፍኩ። ጉድ ነው ብዬ ጮህኩ። ጉድ አይደለም፤ ትልቅ ጥንድ በትንሽ ጥንድ ከአምስት አንዴ ያህል ይሸነፋል። እኔ ግን ወዲያው ሌላ ውድድር ከፈትኩ፣ በሦስተኛው እጅ ወጣሁ። ሌላ ከፈትኩ።

አሁን ደንቤ በቀን ሁለት ውድድር ነው። ባለፈው እሁድ ሁለተኛውን ከተበላሁ በኋላ ጣቴ ሦስተኛውን ነክቶት ነበር። ወንበሩ ሞልቶ ሲጀምር ስልኩን ለታናሽ እህቴ ሰጥቼ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወጣሁ። እሷ ፖከር ተጫውታ አታውቅም፤ ይህንኑ የነገርኳችሁን ስደጋግም ስትሰማ ከርማለች እንጂ። ስመለስ ሦስተኛ ወጥታ ጠበቀችኝ።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«ዝም ብዬ ስጥል እነሱ እርስ በርሳቸው ተጨራረሱ። ቺፗ ስታንስብኝ ሁለቴ ገፋኋት። ሻይ ልቅዳልህ?»