ኮሌል የሚውል አባት ከልጆቹ ጋር የሚሆነው መቼ ነው?

ኮሌል ያገቡ ወንዶች ውለው ቶራን (ኦሪትን) የሚያጠኑበት ቤት ነው። ስለ ሃሬዲ (ጥብቅ ሃይማኖተኛ አይሁድ) አባቶች ሲወራ «ቀን ከሌት ቶራ ላይ ተተክለው ልጆቻቸውን አያውቋቸውም» ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። በእስራኤል፣ ብኔ ብራቅም ሆነ ኢየሩሳሌም፣ በብዙ ቤት ደሞዝ የምታመጣው እናት ናት፤ ስለዚህ ጠዋት ጋሪ እየገፋ ሕፃኑን መዖን (የሕፃናት ማቆያ) የሚያደርሰው፣ ቀትር ላይም ሄዶ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ አባት ነው። ሰዓት አለህ ማለት ነው። ያለችውን ሰዓት ግን ወይ ስልክ ይበላታል (ኢንተርኔት የሌለው ኮሸር ስልክም ቢሆን ይጮኻል) ወይ ልጁን በጥያቄ መፈተን።

ከቀትር ጀምር። የጠዋቱ ሴዴር (የጥናት ክፍለ ጊዜ) የሚያልቅበት ሰዓት እንደ ኮሌሉ ይለያያል፣ ግን እስከ ከሰዓቱ ሴዴር ድረስ ክፍተት አለች። ልጁ ደክሞት ነው የሚመጣው። መጀመሪያ አብላው። «ዛሬ ምን ተማርክ?» የሚለውን ተወውና ከማን ጋር እንደተጫወተ ጠይቀው፣ ወሬው ራሱ ይመጣል።

ቀጥሎ የሻባት ማዕድ። ሔደሩ (የወንዶች ልጆች የሃይማኖት ትምህርት ቤት) በየሳምንቱ የፓራሻ፣ ማለትም የሳምንቱ የኦሪት ንባብ፣ ጥያቄ ወረቀት ይልካል፣ አባት ያነባል፣ ልጅ ይመልሳል። ብዙ ልጅ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። እንግዳ ተቀምጧል፣ ልጁ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተንተባተበ፣ ታላቅ ወንድሙ መልሱን ስለሚያውቅ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፣ አንተ ደግሞ «እሺ፣ አስብ!» ትላለህ። አታድርገው። ዓርብ ከሚቅቬ (ከመንጻት መታጠቢያው) ስትመለሱ ወረቀቱን ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ አንብቡት፤ ማታ ደግሞ የሚያውቀውን ብቻ ጠይቀው። ማጭበርበር ነው የሚል ካለ ይበል።

ኢትዮጵያ ተወልደህ፣ ኦሪትን ከቤተ እስራኤል ቄሶች አፍ እየሰማህ ያደግህ አባት ከሆንክ ሌላ ጣጣ አለብህ። ልጅህ የሚማረውን ጌማራ (ታልሙድ) አንተ አልተማርከውም። አፍረህ አትሽሽ። በብርዱ ወራት ቅዳሜ ማታ ምኩራብ ውስጥ «አቮት ኡባኒም» («አባቶችና ልጆች») አለ፤ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያጠናሉ፣ በመጨረሻ ከረሜላ ወይም ዕጣ አለ። ሂድ። «አንብብልኝና አስረዳኝ» በለው። ጥያቄህ የምር ስለሆነ ልጁ አስተማሪ ሆኖ ጀርባውን ቀና ሲያደርግ ታየዋለህ። የቤት ሥራ የሚያግዘው ሰው ብትቀጥርለት ጥሩ ነው፣ አቮት ኡባኒም ላይ ግን በአንተ ቦታ ሰውዬውን አትላከው፤ ሁሉም ከአባቱ ጋር ተቀምጦ እሱ ከሰው አባት ጋር ሲሆን ልጅ ያያል።

ሴቶቹ ልጆችስ? እነሱን ነው ሁላችንም የምንረሳው። አቮት ኡባኒም ለወንዶች ነው፣ የቤት ያዕቆብ (የሃሬዲ ሴቶች ልጆች) ትምህርት ቤት ትርኢትም አብዛኛውን ጊዜ ለሴቶች ብቻ ስለሆነ አባት በር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቤት ውስጥ እንድታሳይህ ጠይቃት፣ ሳሎኑን ባዶ አድርግላትና ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው እይ። ዓርብ ማታ እጅህን ራሷ ላይ ጭነህ «እንደ ሣራ፣ ርብቃ፣ ራሔልና ልያ» ብለህ ስትባርካት ደግሞ ወረፋ እንደሚያስጨርስ ሰው አትሩጥ፤ በሳምንቱ ያደረገችውን አንድ ነገር በጆሮዋ ንገራት።

ቤን ሃዝማኒም፣ ማለትም የኮሌል ዕረፍት፣ ትልቁ ዕድልህ ነው። በኒሳን (በፋሲካ) ወር፣ ከቲሻ በአቭ ጾም እስከ ኤሉል ወር መባቻ፣ ከዮም ኪፑር (የስርየት ቀን) በኋላም እስከ ቲሽሬ ወር መጨረሻ። ሱካውን (የዳስ በዓሉን ዳስ) ስትሠራ ለእያንዳንዱ ልጅ ሥራ ስጥ፤ ጌጡ ተንጋዶ ቢሰቀል አታስተካክለው።

ጌማራ አልገባው ያለ ልጅ ካለህ የታልሙዱን ክፍል ቂዱሺን፣ ገጽ 29ን አስታውስ። እዚያ አባት ልጁን ቶራ ብቻ ሳይሆን ሙያም እንዲያስተምር ታዟል፣ መዋኘትም ጭምር የሚሉ አሉ። እንግዲህ መዶሻ ይዛችሁ መደርደሪያ ብትሠሩ ጊዜ አባከንክ የሚልህ አይኖርም። ዋናም ውሰደው። በዕረፍቱ ገንዳዎቹ ስለሚጨናነቁ የወንዶችን ሰዓት አስቀድመህ ደውለህ አጣራና ገና ሲከፈት ድረሱ።