የባይኖሚያል ቫሪያንስ፦ ለምን 9 እንጂ 900 አልሆነም?

ታናሽ እህቴ ለፈተና ስታጠና እዚህች ጋ ተይዛ ቀረች። በባይኖሚያል፣ ማለትም ሁለት ውጤት ብቻ ያለው ሙከራ ተደጋግሞ አንዱ ውጤት ስንት ጊዜ እንደመጣ ሲቆጠር፣ የአንዱ ሙከራ ቫሪያንስ (ውጤቱ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚለካው ቁጥር) 0.09 ከሆነ የ100ው ለምን 9 ብቻ ሆነ? ቁጥሩ በ100 ሲባዛ ቫሪያንሱ በ100 ስኩዌር እንደሚባዛ ተምራለች፣ ስለዚህ 900 መሆን አለበት ባይ ናት። ጥያቄዋ በጣም ጥሩ ነው።

የፈታልን የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ማንጎ ነው። 100 ማንጎ ገዛሽ እንበል፣ እያንዳንዱ የመበላሸት ዕድሉ 0.1። የተበላሸው 1፣ ደህናው 0 ይቆጠራል። የ1 ስኩዌር ያው 1፣ የ0ም ያው 0 ስለሆነ የስኩዌሩም አማካይ 0.1 ነው፤ ከዚያ ላይ የአማካዩ ስኩዌር 0.01 ሲቀነስ ቫሪያንሱ 0.09 ይቀራል።

አሁን ሁለት ነገር ለዪ። አንድ ማንጎ ብቻ አይተሽ ውጤቱን በ100 ካባዛሽ፣ የሚመጣው ወይ 0 ወይ 100 ነው። ቫሪያንሱ 900፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የቫሪያንሱ ስኩዌር ሩት) 30። ሁሉንም አንድ በአንድ ካየሽ ግን አንዱ ሲበላሽ ሌላው ደህና እየሆነ ይካካሳል፣ ቫሪያንሶቹም ዝም ብለው ይደመራሉ፦ 0.09 መቶ ጊዜ፣ 9። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 3። አማካዩ በሁለቱም 10 ነው!

ይህ የሚሠራው ግን የአንዱ ማንጎ ዕጣ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ብቻ ነው። በድሬ ሙቀት ሳጥኑ እንዳለ ሊበላሽ ይችላል። 10 ማንጎ የያዙ 10 ሳጥኖች ቢሆኑና እያንዳንዱ ሳጥን በሙሉ ወይ ደህና ወይ ብልሹ ቢሆንስ፣ የመበላሸት ዕድሉም ያው 0.1 ቢሆን? እህቴ እስክሪብቶውን ቀማችኝና ራሷ አወጣችው፦ የአንዱ ሳጥን ቫሪያንስ 0.09 በ10 ስኩዌር ተባዝቶ 9፣ የአሥሩ ተደምሮ 90።