በሶብላን አረም ሲውጠው፦ ችግሩና መፍትሔው

ስንዴ ላይ አረም ምርት ይቀንሳል። እንደ በሶብላ ያለ ቅመም ላይ ግን ሌላም ጣጣ አለው። የምንሸጠው ቅጠሉን ስለሆነ አብሮ የታጨደው አረም ደርቆ ከረጢት ይገባል። ሐዋሳ ገበያ ገዢዋ ዘገን አድርጋ አሽታ ትመልሰዋለች። አበቃ።

ታርሞ በሳምንቱ ይበቅላል

አንዱን ንቀሉና ግንዱን በጣታችሁ አሽከርክሩት። ሦስት ማዕዘን ካለው እንግጫ ነው። ጉዱ ያለው ከታች ነው፦ እንደ መቁጠሪያ የተያያዙ ጥቋቁር እንክብሎች። ላዩን ስትነቅሉ እነሱ እዚያው ይቀራሉ። ጥቁር ፕላስቲክ ብታለብሱት እንኳ በስቶ ይወጣል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያለ ኬሚካል የምታለሙ ከሆነ በበጋ ገልብጣችሁ ቆፍሩና እንክብሎቹን ለፀሐይ አስጧቸው። ከዚያ ቅጠል ባወጣ ቁጥር መቆፈር ነው። አድካሚ ነው፣ አልዋሽም። በኬሚካል የሚሠራ ደግሞ ችግኝ ከመትከሉ በፊት፣ እንግጫው ለምለም ሳለ ግላይፎሴት የሚባለውን አረም ገዳይ ይረጫል። መድኃኒቱ በቅጠል ገብቶ ወደ ሥር ይወርዳል። ቅጠል ያላወጣውን እንክብል ግን ስለማያገኘው አንድ ርጭት አይበቃም። በሶብላው ላይ ካረፈ ደግሞ እሱንም ይገድላል።

ችግኝ በተተከለ በአሥር ቀኑ መደቡ በአረም ይሸፈናል

መጀመሪያ ፍጉን ጠርጥሩ። ከብት ከበላችው የአረም ዘር የተወሰነው ሳይሞት በእበት ይወጣል። ኮምፖስቱ ውስጡ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ካልጋለም ዘሩ አይሞትም።

በሚቀጥለው ተከላ ደግሞ መደቡን አዘጋጁ፣ አጠጡ፣ ሁለት ሳምንት ምንም አትትከሉ። አረሙ ይብቀል። ከዚያ ላይ ላዩን ብቻ ፋቁት፤ ጠልቃችሁ ከቆፈራችሁ ሌላ ዘር ታወጣላችሁ። እኔ መጀመሪያ ሲነግሩኝ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር።

አሪቲ የሚመስል ቅጠል ካያችሁ ቅንጬ አረም እንዳይሆን። አንዱ ብቻውን ከ10,000 በላይ ዘር ሊያወርድ ስለሚችል ሳያብብ ንቀሉት። ጓንት አድርጉ፤ ቆዳ ያስቆጣል።

አረም የለም፣ ቅጠሉ ግን ተጠማዟል

ጎረቤት በቆሎው ላይ ቱፎርዲ (2,4-ዲ) የሚባለውን አረም ገዳይ ረጭቶ እንደሆነ ጠይቁ። ቱፎርዲ የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ነው፤ በሶብላም ከዚያው ወገን ነው። ነፋስ ያመጣዋል። የተጎዳውን አትሽጡ፣ ንቀሉት። ጎረቤትን ነፋስ በሌለበት ሰዓት እንዲረጭ ለምኑት። ቱፎርዲ የተረጨበትን ፓምፕም አትዋሱ፤ በሶብላውን ለመጉዳት ትራፊው ብቻውን ይበቃል።