የፉሳኤን ታሪክ ከበሩ ጀምሩ

ጂማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤት ልጆች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቡና እስኪቆላ የአንድ ሰው ታሪክ እነግራቸዋለሁ። እናቶቻቸው "እንዴት ብለሽ ነው ዝም የምታሰኛቸው?" ይሉኛል። በኢቺካዋ ፉሳኤ ታሪክ ላሳያችሁ። የጃፓን ፓርላማ ከገቡት ቀደምት ሴቶች አንዷ ናት።

በትውልድ ዘመን አትጀምሩ። "በ1893 እ.ኤ.አ. ተወለደች" ስትሉ ልጆቹ ልባቸው ውጭ ነው።

መጀመሪያ በርጩማዎቹን ደርድሩና ወንዶቹን አስቀምጡ። ሴቶቹን በረንዳ ላይ አስወጡና በሩን ዝጉ። ለወንዶቹ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የሆነ ነገር አውሩ፤ ነገ ኳስ የት እንደሚጫወቱም ቢሆን ይበቃል። ከሁለት ደቂቃ በላይ አታቆዩአቸው። ባለፈው አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ "ምን እያላችሁ ነው?" እያለች ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ያኔ በሩን ክፈቱ። "ጃፓን ውስጥ ሴት የፖለቲካ ስብሰባ ገብታ መስማት እንኳ በሕግ ተከልክላ ነበር" በሏቸው። እነ ፉሳኤ የጀመሩት ትግል ክልከላውን በ1922 አስነሳ።

አሁን ወደ ልጅነቷ ውሰዷቸው። አባቷ ገበሬ ነበር፤ እናቷን ይመታ ነበር። እዚህ ጋ ልጆቹ ጭጭ ይላሉ። ተዉአቸው፣ አትቸኩሉ። አስተማሪና ጋዜጠኛ እንደነበረች ግን በአንድ አፍ ብትሉት ይበቃል።

ከዚያ ጥሬ ቡና 39 ፍሬ አስቆጥሯቸው። በ1946 የጃፓን ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጡ 39 ሴቶች ተመረጡ። ፉሳኤ ከ39ኙ ውስጥ የለችም። በጦርነቱ ዘመን ከመንግሥት ጋር ሠርታለች ተብላም ከ1947 እስከ 1950 ከሕዝብ ሥራ ታግዳለች። ይህን እንዳትዘሉት። ልጆች የደበቃችሁትን በኋላ ሲሰሙ ሌላውንም አያምኗችሁም።

በ1953፣ 60 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ የላይኛው ምክር ቤት ገባች። ለቅስቀሳ ብዙ ብር መርጨት አትወድም፤ ሰው በራሱ ፈቃድ ነበር የሚሠራላት። በ1980 በ87 ዓመቷ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝታ ከአገር አንደኛ ወጣች። በዓመቱ አረፈች።

"እኛ ጋስ?" ብለው ይጠይቃሉ፣ ሁሌም። በ1957 እ.ኤ.አ. ተመርጠው ፓርላማ የገቡትን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ለቀጣዩ ቅዳሜ ቅጠሩላቸው። 39ኙንም ፍሬ ወደ ምጣዱ መልሱ፤ ይቆላ።