የፒክአፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲያንሸራትት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና ለጥገናው የሚገዛው ዕቃ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ፒክአፖች፣ በተለይም ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ ሞተሩ ሃይሉክስ ቪጎ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳሉ ጋራዦች ሲገቡ የባለቤቶቹ አቤቱታ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ «ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም።» ይህ ጽሑፍ የዘይት መጠን፣ የማርሽ ካቦና የስህተት ኮድ ንባብን የመሳሰሉት የመጀመሪያ ምርመራዎች ተጠናቀው ካምቢዮው መውረድ እንዳለበት ለተረጋገጠ፣ ነገር ግን ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ተሂዶ ምን መገዛት እንዳለበት ገና ላልተወሰነለት መኪና የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ የካምቢዮው ዓይነት መለየት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ቪጎዎች ባለ 4 ማርሹን ኤ340 ሲይዙ፣ የኋለኞቹ ዘመን ምርቶች ባለ 5 ማርሹን ኤ750 ይዘው መጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሃይሉክስ ሬቮ ደግሞ ባለ 6 ማርሹ ኤሲ60 አለው። ሦስቱም የጃፓኑ ካምቢዮ አምራች የአይሲን ሥራዎች ቢሆኑም የአንዱ የፍሪሲዮን ዲስክና ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ለሌላው አይሆንም። መኪናው ከየት አገር እንደገባ ስለሚለያይ በዓመተ ምርቱ ብቻ መገመት አይበቃም፤ በመለያ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የካምቢዮ ኮድ ማንበብ ያስፈልጋል። «የቪጎ ካምቢዮ ዕቃ ስጠኝ» ብሎ የገዛ ሰው ግማሹን ዕቃ ሊመልስ መምጣቱ አይቀርም፤ ነጋዴውም የተከፈተ ፓኬት አይቀበልም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙትን በአጭሩ ለመጥቀስ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ተረጋግቶ ሲሄድ መኪናው በሻካራ መንገድ ላይ እንዳለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥርጣሬው የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ኮንቨርተር ውስጥ ያለው የመቆለፊያ ፍሪሲዮን ላይ ነው፤ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ዘይቱን በትክክለኛው ዓይነት መቀየር አንዳንድ ጊዜ ይፈታዋል። በጋዝ ካቦ ግፊታቸው የሚስተካከል አሮጌ ኤ340ዎች ላይ ካቦው ከላላ ማርሹ ቀድሞ ይገባል፣ ያንሸራትታልም፤ ይህ በደቂቃዎች የሚስተካከል ነገር ነው። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት እንጆሪ ጭማቂ መስሎ ከተገኘ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቶ የራዲያተር ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ በኒሳን ናቫራ ዲ40 ላይ የታወቀ በሽታ ነው። ውኃና ከእርሱ ጋር የሚቀላቀለው ግላይኮል የዲስኩን ልባስ ከብረቱ ጋር ያያያዘውን ማጣበቂያ ስለሚያላቅቁ፣ ዲስኮቹ ለዓይን ጤነኛ ቢመስሉም ሁሉም ይጣላሉ። አጥቦ መልሶ መግጠም የለም።

በኤ340 ላይ የትኛው ፍሪሲዮን እንደሞተ ሳይከፈትም ማወቅ ይቻላል። 4ኛ ማርሽ ብቻ ከጠፋ የኦቨርድራይቩ ብሬክ ነው። ወደ ኋላ ማርሽ አልይዝ ካለና «ኤል» ላይ ሲወርድም ሞተሩ መኪናውን የማይዘው ከሆነ የ1ኛና የኋላ ማርሽ ብሬኩ ነው። 1ኛና 2ኛ ደህና ሆነው 3ኛ፣ 4ኛና የኋላ ማርሽ ካንሸራተቱ ግን ዳይሬክት ክላች የሚባለው የፍሪሲዮን ስብስብ ተቃጥሏል፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመውም ይኸው ነው።

ጉዳዩ የሚጀምረው በሙቀት ነው። መኪናው ጠዋት ምንም አይልም። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ቸርችል ጎዳናን በመኪና ሰልፍ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ኮንቨርተሩ አይቆለፍም፤ ሳይቆለፍ ዳገት የሚጎትት ኮንቨርተር ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ከፊሉን ወደ ሙቀት እየለወጠ ዘይቱን ያፈላዋል። በዚህ ላይ ፍሬን በመያዝ ፋንታ ጋዝ በትንሹ እየረገጠ መኪናውን ዳገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚያቆም ሾፌር ከተጨመረበት፣ ካምቢዮው በቆመበት እየተቃጠለ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ያው ማቀዝቀዣ እዚህ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ዘይቱ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ሲቆይ ይጠቁራል፣ የጎማ ማኅተሞቹ ይደርቃሉ፣ የቀጠነው ዘይት በደረቁት ማኅተሞች ጎን ያመልጣል፤ ግፊቱ ይወርዳል፣ ዲስኩ ይንሸራተታል፣ መንሸራተቱም ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል።

የተቃጠለው ስብስብ ሲከፈት ሽታው ቀድሞ ይመጣል። የዲስኩ ልባስ ጠቁሮ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል፤ በመካከላቸው ያሉት የብረት ዲስኮች ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲቀመጡም የተጣመሙት ይወዛወዛሉ። እነዚህን ብረቶች በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ መልሶ የሚገጥም ጋራዥ ዛሬም አለ። አይገጠሙም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ዲስክ ተገዝቶ ይገጠማል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ሁሉም ይደሰታል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ክላች ተቃጥሎ ይመለሳል። አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ቪጎ በሌላ ቦታ በዚህ ዓይነት ታድሶ ከመጣ በኋላ የማቀዝቀዣው ቱቦ ተፈትቶ አየር ሲነፋበት በመጀመሪያ ምንም አልወጣም፤ ቀጥሎ ጥቁር ጭቃ የመሰለ የዲስክ ዝቃጭ ከብረት ፍቅፋቂ ጋር ተገፍቶ ወጣ። አዲሶቹ ዲስኮች ከተገጠሙበት ቀን ጀምሮ የሚሠሩት ያለ ማቀዝቀዣ ነበር። ያው መኪና 1 ቶን ገደማ ለመጫን ተሠርቶ 20 ኩንታል ይጭን እንደነበር ባለቤቱ የነገረን እንደ ጀግንነት ቆጥሮት ነው።

ስለዚህ የግዢው ቅደም ተከተል ከማቀዝቀዣው ይጀምራል። የራዲያተሩ የውስጥ ማቀዝቀዣ በሟሟና በአየር እስኪጠራ መታጠብ አለበት፤ ካልጠራ ወይም ዕድሜው ከገፋ ራዲያተሩ ይለወጥ። ከእርሱ በተጨማሪ ውጫዊ ማቀዝቀዣ ከአየር ማቀዝቀዣው ኮንደንሰር ፊት ለፊት ይገጠማል፤ ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ፣ ቀጥሎ በውጫዊው አልፎ ወደ ካምቢዮው እንዲመለስ ይደረጋል። ተደራራቢ ሳህን ያለው ዓይነት በተመሳሳይ ስፋት ካለው ቀጭን ቱቦ በላይ ያቀዘቅዛል። ቱቦው ለካምቢዮ ዘይት ሙቀት የተሠራ መሆን አለበት። ገበያው ውስጥ በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠው የነዳጅ ቱቦ ለስልሶ ከመያዣው ሲሾልክ ዘይቱ በሙሉ በደቂቃዎች መንገድ ላይ ይፈሳል፤ ካምቢዮውም ከዚያ በኋላ አይድንም።

ሁለተኛው ኮንቨርተሩ ነው፤ ሰው ሊቆጥበው የሚሞክረውም ይህንኑ ነው። የተዘጋ ዕቃ ስለሆነ ውስጡ የቀረውን ዝቃጭ በማጠብ ብቻ ማውጣት አይቻልም፤ የቀረው ዝቃጭም ከዘይቱ ጋር ተጉዞ ወደ ታደሰው ካምቢዮ ይገባል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአስመጪ ዕቃ ዋጋ ስለናረ፣ ኮንቨርተሩን ቶርኖ ቤት አስቆርጦ፣ አጥቦ፣ በብየዳ ማስገጠም ተለምዷል። ሥራው በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የመሃል መስመሩንና ሚዛኑን ሳይለኩ መበየድ ነው። እንዲህ ተበይዶ በመጣ አንድ ኮንቨርተር አንገት ላይ የመለኪያ ሰዓት ሲቀመጥ መርፌዋ አላርፍ አለች፤ የዘይት ፖምፓው ቡሽንግ በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ መዳቡ ወጥቶ ነበር፣ የፊቱ ኦይል ሲልም ተቀዶ ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። ሚዛን የሚለካበት መሣሪያ በሌለው ቤት ኮንቨርተር አይቆረጥ። ሲገጠምም ግማሽ ያህሉ ዘይት ተሞልቶ፣ እየተሽከረከረ ፖምፓው ውስጥ እስከ መጨረሻው መግባቱ ከካምቢዮው አፍ በመለካት ይረጋገጥ፤ ሳይገባ በቦሎን ኃይል የተሳበ ኮንቨርተር ፖምፓውን ይሰብራል።

ኮንቨርተሩ ራሱ ጥፋተኛ መሆኑን ለማወቅ የስቶል ምርመራ ይደረጋል፦ ዘይቱ ሞቆ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው፣ ፍሬን ሙሉ ተይዞ፣ ጋዝ ሙሉ ተረግጦ፣ ከ5 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ። በ«ዲ»ም በ«አር»ም የሞተሩ ዙር ከልክ በላይ ከሆነ ግፊቱ አንሷል፤ በሁለቱም ዝቅ ካለ ሞተሩ ደክሟል ወይም በኮንቨርተሩ ውስጥ የዘይቱን ፍሰት የሚመልሰው ስታተር ያንሸራትታል። እዚህ ከተማ ውስጥ ግን ጤነኛ ናፍጣ ሞተርም በአየሩ መሳሳት የተነሣ በመጽሐፉ ከተጻፈው ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ በዚህ ቁጥር ብቻ ኮንቨርተር አይገዛም፤ ተመሳሳይ ጤነኛ መኪና ላይ ተለክቶ ይነጻጸር።

ከዚያ በኋላ የጎማ ማኅተሞች፣ የቴፍሎን ቀለበቶች፣ ጓርኒሲዮንና ፊልትሮ በሙሉ ስብስብ ይገዛሉ። የፍሪሲዮን ዲስክ ሲገዛ የወለቁት ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ዓይነት ድራም ውስጥ የሚገባው የዲስክ ብዛት እንደ ሞተሩ ስለሚለያይ የነጋዴው ትዝታ አይታመንም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስምም እንዲሁ አይታመን፦ አንድ ዲስክ ዘይት ውስጥ ተነክሮ አድሮ ጠርዙ በጥፍር ሲሞከር ልባሱ ከተላጠ ከሳጥኑ አንዱም አይገጠም። ደህናዎቹ ከመገጠማቸው በፊት ቢያንስ ለሩብ ሰዓት በትክክለኛው ዘይት ይነከራሉ፤ ደረቅ የተገጠመ ዲስክ በመጀመሪያው ጉዞ ይቃጠላል። ከተገጣጠመ በኋላ የስብስቡ ክፍተት በፊለር ጌጅ ይለካል፤ መጽሐፍ ከሌለ ለአንድ ዲስክ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚለው ልማድ ይሠራል።

ማጠናከር የሚፈልጉ ባለቤቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት ዲስክ እንዲጨመር ነው። ቀጫጭን ብረቶች በመጠቀም አንድ ተጨማሪ ዲስክ ማስገባት ይቻላል፣ የመያዝ ኃይሉም ይጨምራል፤ ይሁንና ሙቀቱን ለጊዜው የሚሸከመው የብረት ዲስኩ ውፍረት ስለሆነ፣ ጭነት ይዞ የአባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ለሚያቋርጥ መኪና ቀጫጭን ብረት ትርፍ አይደለም። ይልቅ የዘይቱን ግፊት ለየክላቹ የሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ ተፈትቶ የተበሉ ቫልቮችና የደከሙ ሞላዎች ይለወጡ፤ የማርሽ አገባብን በሚያለዝበው አኩሙሌተር ላይ ጠንከር ያለ ሞላ መግጠም ማርሹ ሳይጎተት ቶሎ እንዲይዝ ያደርገዋል። ግፊቱን ያለ ልክ ማሳደግ ግን ማርሽ በገባ ቁጥር መኪናውን ይመታል፣ ባለ አንድ አቅጣጫ ክላቾቹንም ይሰብራል። ለእሽቅድምድም የሚሠሩ ድራሞችና ዘንጎች ለፋብሪካ ሞተር አያስፈልጉም። ከልክ ያለፈ ትልቅ ጎማ ያስገጠመ ባለቤት ግን የመጀመሪያ ማጠናከሪያው ጎማውን ወደ ልኩ መመለስ ነው።

ዘይቱ ቀይ በመሆኑ ሁሉም አንድ ነው የሚለው አነጋገር ብዙ ካምቢዮ ገድሏል። ኤ750 እና ኤሲ60 የሚጠይቁት ደብልዩኤስ የሚባለውን ነው፤ ኤ340 የሚሠራበት ደክስሮን የተባለው ዘይት እነርሱ ላይ አይፈስም። ማሸጊያው የተነካካ ቆርቆሮ አይገዛ። ቋቱን ማፍሰስ ከፊሉን ብቻ እንደሚያወጣ፣ የቀረው በኮንቨርተሩና በማቀዝቀዣው እንደሚቆይ ይታወስ። ኤሲ60 የዘይት መለኪያ ዘንግ ስለሌለው መጠኑ የሚስተካከለው ዘይቱ በመጽሐፉ የተወሰነው ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በትርፍ ማፍሰሻው ቀዳዳ ነው፤ በቀዝቃዛው የሞላ ሁሉ አበላሽቶ ይሞላል።

ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ የዘይት ቋቱ ተፈትቶ ማግኔቶቹ ይታዩ። ግራጫና ለስላሳ ቅባት መሰል ዝቃጭ ከተገኘ ተጠርጎ፣ ፊልትሮው ተለውጦ ይቀጥላል፤ በጣት ሲታሽ የሚቆረቁር የሚያብረቀርቅ ብረት ከተገኘ ግን መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይነዳ ካምቢዮው እንደገና ይውረድ።