ድሬዳዋ ላይ ቤት ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ዓመት የእናቴን ቤት አሳደስኩ። ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ በሚባለው ሰፈር የሚገኝ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ አሮጌ ቤት ነው። በሁለት ወር ያልቃል የተባለው ሥራ ሰባት ወር ፈጀ። መታጠቢያ ቤቱ ሁለት ጊዜ ተሠራ። እናቴ አንድ ሻንጣ ይዛ ሐረር አክስቴ ዘንድ እንደሄደች ሦስት በዓል እዚያው አሳለፈች። በሠራተኞቹ ብዙ ተናድጃለሁ፤ አሁንም አንዳንዱ ነገር ትዝ ሲለኝ ያመኛል። ሆኖም ከጉዳቱ ትልቁ የደረሰው ሥራው ከመሸፈኑ በፊት ማየት የነበረብኝን ባለማየቴ ነው። ሌላ ሰው በዚያው መንገድ እንዳይከስር ብዬ እጽፈዋለሁ።

ሁሉን እችላለሁ የሚለውን መቅጠር

የመጀመሪያው ግንበኛ ቧንቧውንም፣ ሴራሚኩንም፣ መብራቱንም እኔው እጨርሰዋለሁ ሲለኝ ከአንድ ሰው ጋር መነጋገር ይቀለኛል ብዬ ደስ አለኝ። የግድግዳና የወለል ቀጥታ የሚለካባቸው ቱንቢና ውሃ ልክ እንደሌለው ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው። አንድ ዓመት ሲሚንቶ ሲሸከም የቆየ የቀን ሠራተኛ በዓመቱ ግንበኛ ነኝ ብሎ ሥራ ይይዛል፤ የሚያስተምረው ስላላገኘ በእርስዎ ቤት ይማራል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና የብቃት ምዘና ወረቀት ካለው ይጠይቁ። ከወረቀቱ ይልቅ ግን ከሁለት ዓመት በፊት የሠራውን ቤት ሄደው ማየት ይበልጣል። እዚያም ሲደርሱ ወለሉን በየቀኑ የምትወለውለውን ሴት ውሃ የት ላይ እንደሚቋጥር ይጠይቋት። ከእርሷ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ውሃ ሳያልፍበት ግድግዳውን መዝጋት

ከሁሉ የከፋው ስህተቴ ይህ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፤ የእኛ መስመር የተዘረጋው ደግሞ ውሃ በሌለበት ሳምንት ነበር። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ የሚጋጠመው በማቅለጫ ማሽን ነው። ቱቦውና መጋጠሚያው 260 ዲግሪ ገደማ በጋለ ብረት ለጥቂት ሰከንድ ይሞቁና ሳይጠመዘዙ ቀጥ ብለው ይገፋሉ። ሙቀቱ ካነሰ አይያያዙም፤ ከበዛ የቀለጠው ፕላስቲክ የቱቦውን ውስጥ ያጠብበዋል። ሥራው ላይ የነበረው ወጣት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ መልሶ እስኪግል አልጠበቀም። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ምን ማየት እንዳለብኝ ግን አላውቅም። በማግሥቱ ሴራሚኩ ተለጠፈበት።

ውሃው የመጣው ከአራት ቀን በኋላ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከግድግዳው ጀርባ የሚንሾካሾክ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። የስልኬን መብራት አብርቼ ስጠጋ በሁለት ሴራሚኮች መጋጠሚያ ውሃው እንደ ላብ እያቸፈቸፈ ይወጣና ተጠራቅሞ ቁልቁል ይወርዳል። ሲነጋ አሥራ አንድ ሴራሚክ ፈለቀቅን። አራቱ ተሰበሩ፤ የዚያን ቀለም ሴራሚክ ከተማውን ዞሬ ብፈልግ አላገኘሁም። በኋላ ያመጣኋቸው አዛውንት የቧንቧ ባለሙያ መጋጠሚያውን በእጃቸው ይዘው ወዘወዙትና፣ «ልጄ፣ ይህን ሳይሸፈን ብታሳዪኝ ኖሮ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር» አሉኝ።

ደህና ባለሙያ የእጅ ፓምፕና የግፊት መለኪያ አለው። መስመሩን በውሃ ሞልቶ፣ ጫፎቹን ሁሉ ደፍኖ፣ ግፊት ይሰጠውና መርፌው እንዳይወርድ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ፓምፕ ከሌለ ፈረቃው እስኪደርስ ግድግዳው ክፍት ይቆይ። ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ የሚወርደው ውሃ ለዚህ አይበቃም፤ ሦስት ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው።

ሲሚንቶን ለፀሐይ መተው

ብዙ ሠራተኞች ልስን ቶሎ ሲደርቅ ሥራው የተሳካ ይመስላቸዋል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ነው። በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ በሚያልፈው የድሬዳዋ ሙቀት ውሃው ቀድሞ ከተነነ የሚቀረው ዱቄት ነው። የሳሎናችንን ግድግዳ በመዳፌ ሳሸው እጄ ነጣ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ይርጠብ፤ ከተለሰነ በኋላም ቢያንስ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ጠዋት ተቦክቶ የደረቀውን ድብልቅ ከሻይ በኋላ ውሃ እየጨመሩ ማለስለስ ፈጽሞ አይፈቀድ፤ ጥንካሬውን ይገድለዋል።

በከተማችን ከምሳ በኋላ ብዙ ሠራተኛ ጫት ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ በዚህ ስጨቃጨቅ ከረምሁ። በኋላ ግን ቡኮና ልስን የሚነካውን ሁሉ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ አምስት ሰዓት አደረግሁት፤ ከሰዓት በኋላ መቁረጥ፣ ማመላለስና ማጽዳት ሆነ። ሥራውም ተሻለ፣ ጭቅጭቁም ቀረ። ለሠራተኛውም ጤና የሚሻለው ይህ ነው፤ በዚያ ፀሐይ ሰባት ሰዓት ላይ ጣሪያ ላይ ሰው ማቆም ግፍ ነው።

አሸዋን በዓይን ብቻ መግዛት

ከደረቅ ወንዝ የሚመጣው አሸዋ ደለል ይበዛዋል። ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሹ አሸዋ ይጨምሩ፣ ውሃ ሞልተው ይበጥብጡት፣ አሳድረው ይዩት። ከላይ የሚረጋው ስስ ጭቃ ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ገንዘቡን ከሥራው ማስቀደም

ከሦስት ቤት ቀብድ ተቀብሎ አንዱንም የማይጨርስ ሠራተኛ አጋጥሞኛል። በካሬ ከተስማሙ ይቸኩላል፤ በቀን ከከፈሉት ይዘገያል። እኔን ያዋጣኝ ሥራውን በደረጃ ከፍሎ በጽሑፍ መስማማት ነው፦ መስመሩ ተፈትሾ ይህን ያህል፣ ልስኑ አልቆ ይህን ያህል፣ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛው ደግሞ ውሃ በተደጋጋሚ መጥቶ ከታየ በኋላ። ተራው ሲደርስ ግን ክፍያውን አንድ ቀን እንኳ አያሳድሩ። ሠራተኛው ቤተሰብ አለው፤ ደመወዙ የዘገየበት ሰው ሌላ ሥራ ቢይዝ አልፈርድበትም።

የጀጎልን ቤት እንደ አዲስ ቤት ማየት

ይህ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሐረር ጀጎል ውስጥ ቤት ላላቸው ነው። የአክስቴ ቤት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ በኖራ የሚቀባ ነው። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል። አንድ ሠራተኛ ጠንካራ ይሆናል ብሎ የአንዱን ክፍል ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰነው፤ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ከክረምት በኋላ ልስኑ የድንጋዩን ፊት ይዞ ወረደ። እንዲህ ላለው ቤት ኖራ የሚያውቅ ሰው ይፈለግ፤ ከመነካቱ በፊትም የሚመለከተው የቅርስ ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ።

የተቀበረውን ፎቶ አለማንሳት

በሁለተኛው ዙር ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ሜትር አጠገቡ ዘርግቼ እያንዳንዱን ቱቦና ሽቦ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ባለፈው ወር እናቴ መስታወት ለመስቀል ምስማር ይዛ መጣች። ፎቶውን ከፍተን ከበሩ ጠርዝ 62 ሳንቲ ሜትር ላይ ቱቦ እንዳለ አየን። ምስማሩን 80 ላይ መታችው።