ለበግ መግፈፊያ የሚሆን ቢላ

የምኖረው ለገጣፎ ነው። የበዓል በግ ጓሮ ውስጥ ራሴ አርጄ ራሴ እገፍፋለሁ። ለዚህ ሥራ ረጅም ቢላ አትግዙ። ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ስለት ይበቃል። ሆዱ ጎበጥ ያለ፣ ጫፉ ብዙ ያልሾለ ይሁን። ባለፈው ፋሲካ በሹል ቢላ ሌጦውን ሁለት ቦታ በሳሁት። ቆዳ ሰብሳቢው ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ እያሳየኝ ዋጋውን ጣለብኝ። ጨጓራው ቢበሳማ ሥጋውም ይበከላል።

እጀታውን እዚያው ሱቅ ውስጥ በእርጥብ እጅ ጨብጡት። ካዳለጠ ተዉት፤ ሞራ ሲነካውማ ይብሳል። የማይዝግ ብረት ለማጠብ ይመቻል። እኔ ግን የሚዝገውን እወዳለሁ፣ በሞረድ ቶሎ ይሳልልኛል። እንደታጠበ ማድረቅ ብቻ ነው።

የእግሩንና የደረቱን ሌጦ ከቀደዳችሁ በኋላ ቢላውን አስቀምጡት። ጎኑን ከሌጦው የሚያላቅቀው ጡጫ ነው።